ቂጣ የሚበላው ዘንዶ

«ልጄን የበላው ዘንዶ የታለ?»

የሻው ፋስ ይዞ እትዬ ገለቴ ጓሮ ቆሟል... ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ሆዱን ቀድጄ የልጄን አጥንት አውጥቼ እቀብራለሁ። ዞር በይ።»

እሷ ግን ከዋሻው አፍ ላይ ንቅንቅ አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ዘመኑ ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚለቅምበት ነው። ቦታው ላስታ፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ያለች መንደር።

እትዬ ገለቴ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ለውትድርና ተወስዶ የቀረባት ሴት ናት።

ታዲያ ይህች ሴት ተከዜ ቆላ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ በአህያ አንድ ስልቻ ጭና መጣች።

ስልቻው ውስጥ... የሰው ጭን የሚያክል ዘንዶ።

መንደሩ በአንድ እግሩ ቆመ።

«አይጥ እህሌን ፈጀው። ለአይጥ ነው» አለች። አለቀ።

ከጓሮዋ ያለውን የእህል ዋሻ ቤት አድርጋ ሰጠችው። ሰውም በአጥር ቀዳዳ እያየ አፉን ይዞ ይቀራል...

መጀመሪያ አልነካችውም። የለበሰችውን ነጠላ አጠገቡ ጥላለት ትወጣለች፤ ጠረኗን እንዲለምድ።

ዶሮ የምትሰጠው ከዋሻው ውጭ ባስቀመጠችለት ቅርጫት ውስጥ ነው። የዋሻው በር በተከፈተ ቁጥር ምግብ መጣ ብሎ እንዳይናከስ።

ዶሮ የነካ እጇን በአመድ ፈትጋ ሳትታጠብ አትጠጋውም። በልቶ እስኪፈጭለትም አታነሳውም።

የላስታ ብርድ እንዳይገድለው ደግሞ ድንጋይ እያጋለች በጨርቅ ጠቅልላ ታስገባለታለች።

እየቆየ ሲለምዳት ከወገቡ ደግፋ አንስታ ወደ ጎን ታዞረው ጀመር...

ዘንዶው በለመዳት ሰሞን የየሻው ልጅ ምናለ ለውትድርና ስሙ ተጠርቶ ድራሹ ጠፋ።

ታጣቂዎች ቤት ለቤት ፈተሹ። እትዬ ገለቴ ዋሻ ሲደርሱ ግን ዘንዶውን አዩና ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

አንድ ቀን የሻው ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ፣

«ገለቴ ቂጣና ሽሮ በነጠላ ሸፍና ስታስገባለት አየሁ» አለ።

«ዘንዶ ቂጣ ይበላል እንዴ?» አለው አንዱ ጠጪ።

«ለመብል አይደለማ። ግብር ነው። እያመለከችው ነው።»

የሻው ጆሮ የገባ ነገር ሳይመሽ ላሊበላ ገበያ ይደርሳል።

እትዬ ገለቴን ከሰንበቴ ማኅበር አስወጧት። አብሯት የሚቀምስ ጠፋ። ብትሞት እንኳ ማን እንደሚቀብራት አይታወቅም።

እሷ ግን ቂጣውን ሸፍና ማስገባቷን አልተወችም።

የሻው ደግሞ ልጁን ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣው ለራሱ መልሱን ሰጠ... ገብራለት የበላው የእኔን ልጅ ነው።

ይሄው ፋሱን ይዞ መጣ።

«ዞር በይ አልኩሽ።» ፋሱን አነሳ።

ከዋሻው ውስጥ... ድምፅ።

«አባዬ... ተው። እሱን ከገደልከው እኔንም ያገኙኛል።»

ፋሱ ከእጁ ወደቀ።

እትዬ ገለቴ ዘንዶውን ከወገቡ ደግፋ ወደ ጎን አዞረችው። ከእህል ጎታው ጀርባ ምናለ ወጣ። ፀሐይ ካየ ቆይቷል፤ ግን በሕይወት አለ።

ቂጣው የማን እንደነበር አሁን ገባችሁ?

የሻው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም ገለቴ? አባቱ አይደለሁ?»

«አንተ ዘንድ ወሬ አያድርማ። የእኔው ሄዶ ቀረ። ያንተም እንዲቀር አልፈለግሁም።»

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው...

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂጣ ሸፍኖ፣ የጋለ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ዋሻው የሚመላለሰው ራሱ የሻው ሆነ።

መንደሩም «የሻውም ለዘንዶ መገበር ጀመረ» ብሎ እሱንም ከሰንበቴው አስወጣው።

ያ ወሬ የማይቋጥር ሰው... ደርግ አካባቢውን ለቆ እስኪወጣ ትንፍሽ አላለም።

ወዳጆቼ... እትዬ ገለቴን የጎዳት ዘንዶው አይደለም። ዘንዶውንማ ገርታዋለች። ያልተገራው የሰው አፍ ነው። ያልገባንን ነገር ስናይ ስም ለመስጠት ባንቸኩል ምን አለበት?

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑስ... ልጁ የሞተ መስሎት ለሚንከራተተው አባት ትነግሩት ነበር? ወይስ እንደ እሷ ሁሉንም ችላችሁ ዝም ትላላችሁ?

እውነት እውነቱን ኮሜንት ላይ አውሩኝ።