ፊት የማያውቀው ልጄ

ይህ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ከተማችን ላይ የመርዝ ጋዝ ከተለቀቀ ወዲህ ሆስፒታል ውስጥ ጭንብል ማውለቅ ክልክል ነው። ልጃችን ያለ ወሩ ተወልዶ ሦስት ወር እዚያው ከረመ። በሚወጣበት ዕለት ለባለቤቴ ለስንዱ ገንፎ ይዤ ስከንፍ ሄድኩ፤ የበሩ ማሽን በርበሬውን መርዝ ነው ብሎ ጮኸ። ዶክተሩም ዘበኛውም ከነልብሳቸው ሻወር ውስጥ ገቡ፤ እኔንማ እንደ ምንጣፍ ፈተጉኝ።

«ገንፎ ነው እኮ ጋሼ» ብል ማን ሰምቶኝ።

ከግቢው እንደወጣን ልጄ ይየኝ ብዬ ቸኩዬ ጭንብሌን አወለቅኩ። ፊቴን ሲያይ እሪ አለ።

«መልሰህ አድርገው፤ ፊት የት ያውቃል?» አለች ስንዱ። እሷም የራሷን አላወለቀችም።

አደረግኩት። ወዲያው ሳቀልኝ።

እሺ፣ አንዷን ነገር ፈጥሬያለሁ፤ አልሳቀም። ዝም ብቻ ነው ያለው።