የሁለቱ አምፖሎች ጥያቄ

«አንተ፣ ማንን ነው የምታስኮርጀው?»

ፈታኙ አቶ ፍሥሐ ከኋላው መጥቶ ቆሟል። ዘሥላሴ ከንፈሩን ገጠመ። አጠገቡ የተቀመጠችው ተፈታኝ፣ «ጋሼ፣ ከጀመርን ጀምሮ እያንጎራጎረ ነው፤ እኔማ የማውቀውንም አስረሳኝ» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ማስኮረጅስ አላሰበም፤ የሚያንጎራጉረው ሌላ የማስታወሻ መንገድ ስለማያውቅ ነው። ከአንኮበር በታች ባለች ደብር ከየኔታ ወልደአረጋይ እግር ሥር ሲማር ቀለም በጆሮ ይገባል፣ በአፍ ይወጣል፤ መካከሉን የፈለገ ከመጀመሪያው ተነስቶ ማዜም አለበት። ለፋብሪካው የጥገና ሥራ ፈተና ሲዘጋጅም የተዋሰውን የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ እንደ ዳዊት ደገመው። ቮልት ይገፋል፣ ካረንት ይሄዳል፣ ሬዚስተር ይገታል፤ ለሁሉም ዜማ አወጣለት። ደብረ ብርሃን በተከራያት ክፍል ማታ ማታ ሲያንቆረቁረው፣ ጸሎት የመሰላቸው የቤቱ ባለቤት እትዬ ወርቄ ከግድግዳው ማዶ «አሜን» ይሉለት ነበር። ከዚያ በቀር ቃል የሚመልስለት ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ድምፅ ካላወጣሁ አይመጣልኝም» አለ።

ተባርሮ ቢወጣ ወዴት ይግባ? እናቱ «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል» ብላው ነበር። ወደ የኔታ እንዳይመለስ፣ ሳይሰናበታቸው ነው የወጣው፤ በምን ፊቱ! ከተማውም ሥራ የሌለውን አያኖርም።

አቶ ፍሥሐ ጢሙን አሻሸ። «ማባረርስ ነበረብኝ» አለና ወረቀቱን አንስቶ የተሰባበሩ ወንበሮች ወደተከመሩበት የዕቃ ክፍል ወሰደው። «እዚህ እንደፈለግህ ጩህ። ሰዓቱ ሲያልቅ እመጣለሁ።» በሩን ዘጋበት።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ሁለት አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ተያይዘዋል፤ የመጀመሪያው ቢቃጠል ሁለተኛው ምን ይሆናል?

ዘሥላሴ ቆመ፤ ቆሞ ነው የለመደው። ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንስቶ ለቀቀው። ባዶው ክፍል ድምፁን አሳመረለት። ቮልቱ ገፋ፣ ካረንቱ ሄደ፣ «በተከታታይ የተያያዘ እንደሆነ...» አለና ጠፋው።

እንደ ልማዱ ጠበቀ። ቀለም ሲጠፋው የኔታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቃሏን ጣል ያደርጉለት ነበር፤ እሳቸው ከዘገዩ ባልንጀራው ብርሃነ መስቀል አለ፣ በክርኑ ጎሸም አድርጎ የሚያስታውሰው። ጠበቀ። ምንም የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያው ላይ ጠፋው። ይህን ሁሉ ወራት ብቻውን ከርሞ፣ ብቻውን መሆኑን ዛሬ ገና የነገሩት መሰለው።

ቢቸግረው ወረቀቱን አነሳ። ከጥያቄው ሥር ሥዕል አለ፤ እስካሁን ልብ አላለውም፣ ሥዕል አይዜምማ። ጣቱን ባትሪው ላይ አሳርፎ መስመሩን ተከተለ። ጣቱ ሄዶ ሄዶ የተቃጠለው አምፖል ዘንድ ደረሰ። ውስጡ ያለችው ክር ተበጥሳለች፤ ማለፊያ የለም። በሌላ በኩል ይዞር እንደሆነ ፈለገ፤ ሌላ መንገድ አልተሠራም። ሁለተኛው አምፖል ደህና ነው፣ አንዳች ጉድለት የለበትም። የሚደርስለት ግን የለም።

«ሁለተኛውም ይጠፋል!»

ማንም ሳይነግረው ያወቀው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ደስታው ፊቱን አሞቀው። መልሱን ጻፈና፣ «ልክ ነኝ አይደል?» ብሎ ዞረ።

በሩ እንደተዘጋ ነው። ዘሥላሴ ተቀመጠ፤ ከንፈሩን ገጥሞ ጣቱን በሚቀጥለው ሥዕል ላይ አሳረፈ።