የፎቁ ወለልና የቡናው ፍሬ

«ልጄ፣ ስሕተትሽ እንኳ ሥርዓት አለው» ብለዋት ነበር መምህር ወልደአማኑኤል፣ የሒሳብ ደብተሯን ሲመልሱላት። በዓመቱ ንጋቷ አረገዘች፤ ትምህርቱም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቀረ።

አሁን ቴፒ ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ትጠርጋለች። ከሁለት ዓመት ልጇ ከልዩ ጋር የምታድረውም እዚያው ባዶው ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ። ደረቁ መሃል የቡና ቦታ ነውና እንዳትነካው የመጋዘኑ ኃላፊ ጌታሁን አስጠንቅቋታል።

«ሰኞ ከሸዋ ቤንች የሚመጣው ቡና ፎቅ ይወጣል» አላት አንድ ጠዋት። «ዲቃላሽን ይዘሽ ውልቅ በይ። የት ልግባ ብለሽ እኔን እንዳትጠይቂኝ።»

መጥረጊያዋን አነሣች።

ነጋዴው ግን ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ከሥር ተሰንጥቆ ስላየ ሠጋ። በዛብህ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከሚዛን ከተማ አስመጣ። በዛብህ ወለሉን በጠመኔ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጎ ከፋፈለው፤ ላፕቶፑም ላይ ያው ወለል እንደዚያው ተቆራርጦ ይታያል። ከግድግዳ ግድግዳ ክር ወጥሮ፣ ወለሉ ምን ያህል እንደረገበ የሚለካለት ሰው ጠየቀ። ጌታሁን ከሠራተኞቹ አንድም አልሰጥም አለ። ማስመሪያ አነባለሁ ያለችው ንጋቷ ብቻ ነበረች።

መስመሮቹ በተገናኙበት ሁሉ፣ ለአንድ ሚሊሜትር አንድ የቡና ፍሬ እንድታኖር ነገራት። እሱ ላፕቶፑን ታቅፎ ደረጃው አፍ ላይ ተቀመጠ።

ለምን እንደሚቆራርጠው ጠየቀችው። ሙሉውን ወለል በአንድ ጊዜ ማስላት ጭንቅ እንደነበር፣ ቆራርሶ ማስላት ከመጣ ወዲህ መላ እንደተገኘ አጫወታት። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ያስቸገራቸው ድንበሩ ነበር አላት፤ ቁራሾቹ ሲጎብጡ ዝንባሌያቸው አልገጥም እያለ።

«ጎረቤታሞቹ ቁራሾች ካልተስማሙ ውሸት መሆኑ ያስታውቃል» አለ።

ንጋቷ ፍሬዎቹን ከጎረቤቶቻቸው ጋር አስተያየች። ካኖረችው ሁለት ፍሬ አነሣች፣ ቀጥሎ ባለው ላይ አንድ ጨመረች።

«ተሳስቼ ነበር» አለች።

በዛብህ በስልክ ሊነጋገር ሲወርድ ጌታሁን ወጣ። ጠመኔውንና ፍሬዎቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ደግሞ ጠጠር ልትጥዪብን? መተትሽን እዚያው እናትሽ ቤት» ብሎ በእግሩ በተናቸው። ታች ያሉት ቡና ለቃሚዎች ሰምተው ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ «ባለጠጠሯ» ሆኖ ቀረ።

እሱ እንደሄደ ተንበርክካ ፍሬዎቹን ለቀመች። ማስመሪያውን ሳታነሣ፣ የለካችውን እያስታወሰች ሁሉንም በየቦታቸው መልሳ ደረደረች። መሃሉ ላይ አሥራ ዘጠኝ።

በዛብህ ተመልሶ ቆጠረ፣ አስገባ፣ ግንባሩን ቋጠረ። በስሌቱ መሃሉ ከአምስት ማለፍ አልነበረበትም።

«ጎረቤት ከጎረቤት ግን ልክክ ብሏል» አለ። «ወለል አይዋሽም። ውስጡ የገባው ብረት የተባለው አይደለም። ጆንያ እንዳይከመርበት፤ የአንድ ሁለት ሰው ክብደት ግን አይጎዳውም።»

ነጋዴው ቡናውን ሌላ መጋዘን አስገባ። ጌታሁን ጥርሱን እያፋጨ መጣ።

«ደስ አለሽ? በይ እንግዲህ እዚያው ተጋደሚበት። ሲደረመስ አንቺንም ዲቃላሽንም ይቅበራችሁ።»

 ንጋቷ ሲወርድ ጠብቃ ጠመኔውን ጠራረገች፣ ክሩን ጠቀለለች።

ከዚያ የልዩን ፍራሽ ከሚያፈሰው ጥግ ጎትታ፣ አሥራ ዘጠኙ ፍሬ ከነበረበት ላይ ዘረጋችው።