የሚይዘው ሰው

እንግዳው ከወልዲያ በመጣ ሚኒባስ ቆቦ ሲወርድ ቀትር አልፏል። ጢማም፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን ወጣት ነው። ባጃጁ ከደመቀች ቤት በር ላይ ሲያወርደው፣ ስሙ ኤፍሬም እንደሆነ፣ ከእንግሊዝ አገር እንደመጣ፣ ከጋሹ ጋር አብሮ አድጎ አብሮ እንደሠራ በተሰባበረ አማርኛ ነገራት።

ደመቀች ጉንጩን ሳመችው፤ ልቧ ግን ድንግጥ አለ።

ጋሹ ታናሽ ወንድሟ ነው። በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አጎታቸው ተሾመ ላስተምረው ብሎ እንግሊዝ አገር ይዞት ሄደ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ አዝላ የሸኘችው እሷ ናት። «እታለም፣ አታውርጅኝ» እያለ አንገቷን አንቆ ሲያለቅስ፣ ጣቶቹን ፈልቅቃ ነው ለአጎቷ ያስረከበችው። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እጇ ላይ የቀረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ። ድምፁን እንኳ አታውቀውም። አማርኛው ጠፍቶበት ያፍራል እየተባለ፣ የሚደውለው ሁልጊዜ ተሾመ ነበር። ተሾመም ከፋሲካ ወዲህ ደብዛው የለም።

ታዲያ ሰው ጓደኛውን እዚያ ጥሎ፣ ብቻውን፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣው ለምንድን ነው? ለደግ አይመስልም።

ወንበር ብትስብለት እንቢ አለ። በሩ አጠገብ ካለው መደብ፣ ልጆች ከሚተኙበት ጥግ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ፎቶውን አንዴ ገርመም አደረገና ዓይኑን መለሰ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ግድግዳ ዞር አላለም። ደመቀች ይህን ልብ አለች። እንዲህ የሚሸሸው የሞተ ሰው ፎቶ ነው።

«እናቱስ ደህና ናቸው?» አለ።

«ጸበል ናት» አለች ደመቀች። ምላሷ ለምዶታል።

«ጋሹም ይህንኑ ነው የሚለው» አለ እንግዳው።

«እስኪ ስለሱ አጫውተኝ።»

አጫወታት። ከለንደን ዳር ያለ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሁሉ ቀይ ጡብ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ጋሹ በመጣ ሰሞን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ተሳስቶ ያንኳኳና «እናቴ አለች?» ይል ነበር፣ በአማርኛ። የቤቷ ባለቤት አንዲት አሮጊት ነበረች። የሚለው አልገባትም፤ ብስኩት ሰጥታ ሸኘችው። ኋላ ቤቱን ከለየም በኋላ ያንኑ በር ማንኳኳቱን አልተወም። እናቱ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችውን የማሽላ ዘር ከጓሮ ዘራው፤ ጉልበት ሲደርስ ውርጭ መጣና ሳያሸት ቀረ። ከፍ ሲል መኪና አጠበ። ቀጥሎ ትልቅ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ይደረድር ነበር። እጁ በብርዱ ይሰነጣጠቅ ነበር። የሚያዋየው ጓደኛ አልነበረውም።

ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ደመቀች ወጥ ልጨምርለት ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ በጓዳ በር ወጥታ ጎረቤቷን ራህመትን በአጥሩ ላይ ጠራቻት።

«እህል ቀምሷል?» አለች ራህመት ነገሩን ስትሰማ።

«አንድ ጉርሻ። እሱንም በውሃ ነው የዋጠው።»

«ያ አላህ! መርዶ ይዟል በይኛ! መርዶ የያዘ ሰው እህል አይወርድለትም።»

«መርዶማ በጎረቤት በኩል፣ በንጋት ነው። ሽማግሌ ሳያስከትል ቀጥ ብሎ ቤቴ ይመጣል?»

«የፈረንጅ አገር ልጅ ምን ወግ ያውቃል? በይ እኔ ሰው ልጥራ። አንቺ አትጠይቂው፤ ብቻሽን እንዳትሰሚ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ደመቀች ግን እስኪደርስ የምትቆይበት አንጀት አልነበራትም። ተመልሳ ፊቱ ቆመች።

«ወንድሜ፣ በማርያም ይዤሃለሁ። ጋሹ ሞቷል?»

እንግዳው ክው አለ። «አልሞተም። በማርያም፣ አልሞተም። አለ።»

ደመቀች ተደፍታ መሬቱን ሳመች። አለቀሰች፤ መልሳ ሳቀች። ደስታም እንደ ጠላ ነው፤ ሆድ የያዘውን ያስወጣል። አጠገቡ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«እንግዲህ አንተም የቤት ሰው ነህ፤ ልንገርህ። እናታችን አርፋለች። ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ተዝካሯንም አውጥተናል። ለተሾመ እንኳ አልነገርንም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

እንግዳው የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«አደራህን፣ በስልክ እንዳትነግረው። ስትመለስ እዚያ ያሉትን ያገር ልጆች ሰብስብ፤ ትልቅ ሰው ይኑርበት። ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። ከኋላው የሚይዘው ጎበዝ ይቁም፤ የእናት መርዶ ነውና ራሱን መሬት ላይ ይፈጠፍጣል። ስሙን እየጠራች ነው ያለፈችው። ይህንን ግን ኋላ፣ ሲረጋጋ ንገረው።»

«የሚይዘው ሰው ከሌለስ?»

«ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የደበቅነው ለምን ይመስልሃል? ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ አይደል?»

ራህመት ልትጠራቸው የሄደችው ሽማግሌዎች ገና አልደረሱም። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። እንግዳው ከመደቡ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ እሷ ዘንበል አለና በሁለት እጁ አንገቷን አነቀ።

«እታለም» አለ፣ «አታውርጅኝ።»