ለበረሃ የታሰበ ድንኳን

ታዲዮስ ሸራውን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ እኔ ምሰሶውን አቅፌ ቆሜያለሁ። ነገ ወደ አፋር በረሃ እንወርዳለን፤ እዚያ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ሰንብተን የዱር አህዮችን ልንቆጥር። ነፋስ ሲነሳ መሸሸጊያ የሌለበት አገር ስለሆነ ድንኳኑን እዚሁ መቀሌ መፈተሽ ይሻላል። ግቢያችን ስለጠበበን ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ተከልነው።

"ይሄማ ሠርግ ይደገስበታል!" ይላል ታዲዮስ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ያለ ቀልድ መሥራት አይችልም። እስቃለሁ። ገና ማለዳ ነው፤ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም።

መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን አደይ ኣስካል ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሦስት አራት ሴቶች አስከትለው። ምንም ሳይጠይቁ አንገቴን ያቅፋሉ።

"ወይለይ ኣሪያም ወደይ! ወይኔ ልጄን! መቼ ነው የሰማችሁት ጓለይ?"

ያኔ ይገባኛል። በማለዳ በራችን ላይ ትልቅ ድንኳን ተክያለሁ። ሰፈሩ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? እኔ ደንቆሮ፣ ሐሳቤ ሁሉ ነፋስና አሸዋ ላይ ነበር።

ወንድሜ ኣሪያም ወደ ጦርነቱ እንደሄደ ቀርቷል። ለጓደኞቹ ቤት ሁሉ መርዶ ሲነገር የእኛን በር ማንም አላንኳኳም። ከዚያ ወዲህ እናቴ በቤቷ አንድ ሰው እንዲያለቅስ አትፈቅድም። እኔም የማለቅሰው ቢሮ ነው።

"አደይ ኣስካል፣ የሥራ ድንኳን ነው! ምንም አልሰማንም!" እጃቸውን እይዛለሁ። "ታዲዮስ ንቀለው! ቶሎ በል፣ እናቴ ሳትደርስ!"

ታዲዮስ አንዱን ካስማ ይነቅላል። እናቴ ከመታጠፊያው ብቅ ያለችው በዚህ መሀል ነው። ድንኳኑን ታያለች፤ ሴቶቹን ታያለች፤ ባለችበት ትቆማለች።

"እማዬ፣ ለበረሃው ነው!" እያልኩ እሮጣለሁ። "ልንፈትሸው ብለን ነው! መርዶ አልመጣም፣ እመብርሃንን አልመጣም!"

እናቴ አትጮህም። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ታልፋለች። አደይ ኣስካል በሐፍረት ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ሲታገሉ እጃቸውን ትይዛለች።

"ተይው ኣስካል። እንዲሁ ይሁን።"

ጎንበስ ብላ ድንኳኑ ውስጥ ትገባና ባዶው መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ይከተሏታል። እኔ መግቢያው ላይ ቀርቻለሁ። እንዲህ አርጅታ አይቻት አላውቅም።

"በረሃ የምትወርዱት መቼ ነው?" ትለኛለች።

"ነገ።"

ሸራውን በመዳፏ ትዳስሳለች።

"ሦስት ቀን አቆዩልኝ።"

ታዲዮስ ድንጋይ ያነሳና የነቀለውን ካስማ መልሶ ይመታል።