ሃያ ሰው ብቻ

አቶ በላቸው ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳዩ ጣታቸውን ጫኑበት፤ ቁሐር ሚካኤል ላይ መሬታቸው ሲለካ የድንበሩን ድንጋይ በእግራቸው ረግጠው እንደቆሙት። የወረታዋ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ማውሱን ስታንቀሳቅስ ግን ስሞቹ ሁሉ ሽቅብ ፈሰሱ። ጣታቸው ሳይነቃነቅ ከሥሩ የማያውቁት ሰው ስም ተተካ።

«ልጄ፣ መሬቴን ለማን ሰጠሽው?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«የእርስዎ አለ፣ አባቴ! ሰባት ሺህ ገበሬ ባንዴ ከወጣ ማሽኑ አይችለውም። የሚያሳየው ሃያ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሲፈለግ ይመጣል።» ወደ ኋላ መለሰችውና ስማቸው ጣታቸው ሥር ተመልሶ ቆመ።

ጣታቸውን ግን አላነሡም።

«እኔ ፈላጊ ዘመድ የለኝም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚህ ስወጣ የት ልታደርጊኝ ነው?»