ትናንት የተቀረጸ ልብ

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል። በኢንዶኔዥያዋ የሱራባያ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የምትሠራው ራትሪ ግን እንጀራዋ ልብን በዓይን ማየት ነው። በማሽን በተንቀሳቃሽ ምስል የተቀረጸው የሕመምተኛ ልብ ኮምፒውተሯ ላይ ሲመታ፣ የጡንቻውን እንቅስቃሴ ነጥብ በነጥብ እየተከተለች በሂሳብ ትለካለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ድካም ተጭኗታል። የወደብ ጫኙ የዋርሲቶ ልብ ትናንት ተቀርጾ ልኬቷን ይጠብቃል። የታመመው የልቡ ጡንቻ ከተንቀሳቀሰ ሰውየው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን ጡንቻው ሞቷልና ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ጡንቻው ተንቀሳቀሰ። ሆኖም ከቀረው የልብ ክፍል ጋር አልነበረም፤ ለብቻው፣ ዝግ ብሎ ይመታል።

«ጋላንግ፣ እስቲ ናና እየው» አለች የሥራ ባልደረባዋን።

«እቴ ራትሪ፣ የሰው ልብ ስትለኪ የራስሽ ጠፋ እንዴ? ሂሳብሽን አርሚና ልቀቂኝ፤ የራዎን ሾርባዬ ቀዘቀዘ» ብሏት እየሳቀ ወጣ።

ሂሳቡን ደግማ ሠራችው፤ አልተለወጠም። ደክሟት አገጯን በእጇ ስትደግፍ ጣቷ አንገቷ ላይ አረፈ። የደም ሥሯ ከዚያ ጡንቻ ጋር እኩል ይመታ ነበር።

ደነገጠች። ልቧ ሲፈጥን፣ ትናንት የተቀረጸው ጡንቻም አብሮ ፈጠነ።

የዋርሲቶ ሚስት በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ አደራሽን፣ ልቡ ሞቷል እንዳትዪኝ።»

ራትሪ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «አልሞተም፣ እማማ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ዋርሲቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ዳነ። በሳምንቱ ድካሙ አልለቅ ሲላት ጋላንግ የራትሪን ልብ ለካ፤ የዋርሲቶ ልብ ታሞበት በነበረው በዚያው ስፍራ ያለው ጡንቻዋ አይንቀሳቀስም ነበር።